ዋሷ ማን ይሁን?

ተማሪው፦ እትዬ፣ አንድ ነገር ግራ ገብቶኝ ነው። 20 ሰው በየወሩ 5,000 ሺልንግ ይጥላል፤ አንዱ 100,000 ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል። የመጀመሪያው ዕጣ የወጣለት ሰው ከኪሱ ያወጣው 5,000 ብቻ ነው፤ የቀረው 95,000 የሰው ነው። ፍርድ ቤት የሚቀበለው ውል የላችሁም። በማግስቱ የስልክ ቁጥሩን ቀይሮ ቢሰወር ምን ይይዘዋል?

ዳኛዋ፦ ሰውነቱ ነዋ! ናይሮቢ ውስጥ ዕቁብ ስዳኝ 17 ዓመቴ ነው። ኢስሊ ሱቅ ያለው፣ ሀርሊንግሃም ምግብ ቤት የምትሠራው፣ ታክሲ የሚነዳው፣ ሁሉም ይጥላል። የጠፉብኝ ሰዎች የአንድ እጄን ጣት አይሞሉም።

ተማሪው፦ ሰውነቱ ከያዘው ዋስ ለምን ይጠራሉ?

ዳኛዋ፦ ሰው ነው፤ ይታመማል፣ ይሞታል።

ተማሪው፦ ለሞት ዕድር አለ። ዋስ የሚጠራው ለሚጠፋ ሰው ነው። ባለፈው እሑድ ያቺን ልጅ ለምን መለሷት? በሞያሌ ከገባች አራት ወር ያልሞላትን፣ ጸጉር ቤት የምትሠራዋን።

ዳኛዋ፦ ዋስ የላትማ።

ተማሪው፦ ሰውነትስ?

ዳኛዋ፦ አንተ ልጅ፣ ቡናህ እየቀዘቀዘ ነው።

ተማሪው፦ እጠጣለሁ። እኔ የምለው ግን፣ መተሳሰብ የምንለው ነገር ሲገላለጥ ሂሳብ ነው። ሮበርት ትሪቨርስ የሚባል አሜሪካዊ በ1971፣ በፈረንጅ መሆኑ ነው፣ ይህንኑ ጻፈ። እኛ ቀድመን "እከክልኝ ልከክልህ" ብለነዋል። እጄ የማይደርስበትን ጀርባዬን ዛሬ ታክልኛለህ፤ ነገ ያንተን አክልሃለሁ። ደጋግሞ የሚገናኝ፣ የሚተዋወቅ፣ የተደረገለትን የማይረሳ ፍጥረት በመስጠቱ ያተርፋል። የኮስታሪካ ደም መጣጭ የሌሊት ወፍ እንኳ ሲሳይ ሳይቀናት ጦሟን ለተመለሰች ጎረቤቷ ከሆዷ መልሳ ታጎርሳታለች።

ዳኛዋ፦ የሌሊት ወፍም ጉርሻ ታውቃለች በለኛ! ጥሩ፤ ላጎረሰቻት ታጎርሳለች እንበል። ታዲያ የመጀመሪያውን ጉርሻ ማን ይስጥ? ከዚያ በፊት የተጎረሰ የለም።

ተማሪው፦ ለዚህም መልስ አለ። በ1980 ገደማ ሮበርት አክስልሮድ የሚባል የፖለቲካ ሳይንስ መምህር በኮምፒውተር ላይ ውድድር አዘጋጀ። ሊቃውንት 14 ስልቶች ላኩለት። ሁለት ሁለቱ እየተጋጠሙ በየዙሩ ወይ ይተባበራሉ፣ ወይ ይከዳዳሉ። ብዙ ተንኮል የተሸረበባቸው ስልቶች ነበሩ፤ ያሸነፈው ግን ከሁሉ አጭሩ ነው። የላከው አናቶል ራፖፖርት ነው። ሕጉ ሁለት ነው፦ መጀመሪያ ተባበር፤ ከዚያ ወዲያ ሌላው ያደረገብህን አድርግ።

ዳኛዋ፦ ይሄማ ወንፈል ነው። ጎጃም ሳድግ አይቼዋለሁ። አንድ ቀን በሬህን ጠምደህ ታርስልኛለህ፣ አንድ ቀን በሬዬን ጠምጄ አርስልሃለሁ። ለቀን ቀን፣ ለጥማድ ጥማድ። ግን ልብ አድርግ፤ ያሸነፈው ሳይሰጠው የሚሰጥ ነው። የመጀመሪያው ዙር ላይ ምንም ሂሳብ የለውም።

ተማሪው፦ ሂሳቡ ወደፊት ነው።

ዳኛዋ፦ የኔ ዕቁብ ወደፊቱ 20 ወር ነው፤ ማለቂያው ከመጀመሪያው ቀን ይታወቃል። ዕጣ የወጣለት ሰው ከዚያ በኋላ የቀረው መክፈል ብቻ ነው። ሂሳብ ብቻ ቢሆን በሁለተኛው ወር አንድም ሰው ባልመጣ።

ተማሪው፦ 20 ወሩ ሲያልቅ ሌላ ትጀምራላችሁ፤ ከዚህኛው የጠፋ ለሚቀጥለው አይጠራም። ደግሞም ዕቁቡ ብቻውን አይደለም። ያው ሰው ዕድር ውስጥ አለ፣ ቤተ ክርስቲያን ይሳለማል፣ ልጁን ክርስትና ያስነሳል፣ ከእርስዎ ሱቅ በዱቤ ይወስዳል። አንዱን ክር ሲበጥስ ሌላው ሁሉ ይተረተርበታል።

ዳኛዋ፦ ይሄ አገር ላለው ሰው ነው። እዚህ "ፕሮሰሴ ሊያልቅ ነው፣ ካናዳ ልጠራ ነው" እያለ ሻንጣውን ሳይፈታ አሥር ዓመት የሚቀመጥ አለ። ነገ ስለሚሄድ ክሩ ቢተረተር አይበርደውም። እሱም ይጥላል። አንዱ ተጠርቶ ሄደና የቀረበትን የሰባት ወር ከዚያው ሆኖ ላከ።

ተማሪው፦ እዚህ የቀረ ዘመድ ነበረው?

ዳኛዋ፦ እህቱ።

ተማሪው፦ ይኸው ነዋ!

ዳኛዋ፦ ሌላዋም እህቷን ትታ ሄደች፤ እሷ ግን አልላከችም። እንባዋን እያፈሰሰች የከፈለችው እህትየዋ ናት። ይኸው ምን?

ተማሪው፦ እሺ፣ ይቺ ለኔም አትመችም። ከዚያ በኋላስ ምን አደረጋችሁ?

ዳኛዋ፦ ፕሮሰስ የጀመረ ሰው ዕጣ ሲወጣለት ሁለት ዋስ ይጥራ ብለን ደነገግን፤ ዋሶቹም የሥጋ ዘመድ እንዳይሆኑ። ደንባችን 11 አንቀጽ አለው። አንዱንም ተቀምጠን አስበን አላወጣነውም። አራተኛው ዕጣውን ለሁለት ሰው ሸጦ የጠፋ ሰው ነው። ሰባተኛው ባልና ሚስት ናቸው፤ አንዱ ላንዱ ዋስ ሆነው ተፋቱና ሁለቱም አንከፍልም አሉ። ዘጠነኛው እኔ ነኝ።

ተማሪው፦ እርስዎ?

ዳኛዋ፦ የተሰበሰበውን ብር አንድ ሌሊት ቤቴ አሳደርኩ። ምንም አልጎደለም። ግን ሰው ሌሊቱን ሳይተኛ አደረ። ከዚያ ወዲህ ብር በእጄ አይነካም፤ እያንዳንዱ በስልክ፣ በኤምፔሳ፣ በቀጥታ ለባለ ዕጣው ይልካል፣ እኔ መልእክቱን አይቼ ደብተሬ ላይ ምልክት አደርጋለሁ።

ተማሪው፦ እትዬ፣ ዝግመተ ለውጥ ማለት እኮ ይሄ ነው። ማንም ሊቅ አልነደፈውም። የሚፈርሰው ዕቁብ ይፈርሳል፤ ካልፈረሰው ላይ ደንቡን ሌላው ይገለብጣል። እዚሁ ኪቤራ ሲዋን አንደርሰንና ዣን ማሪ ባላን የሚባሉ የኢኮኖሚ ሊቃውንት ቻማ የሚሉትን የኬንያውያኑን ዕቁብ አጥንተው ነበር፤ በ1990ዎቹ መጨረሻ ላይ። ዕጣውን ቀድሞ የሚወስደው ነው ለመጥፋት የሚፈተነው። ስለዚህ አዲስ ገቢውን መጨረሻ ተራ ላይ ያስቀምጡታል። ከእርስዎ ደንብ ጋር አንድ ነው፤ ሳትተዋወቁ ደረሳችሁበት።

ዳኛዋ፦ የተሰበረ አጥንት አገሩ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፤ ወጌሻውም እንደዚያው።

ተማሪው፦ እነዚሁ ሊቃውንት ሌላም ነገር አገኙ። የቻማው አባላት አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። በተለይ ባል ያላቸውና የራሳቸው ገቢ ያላቸው። ለምን ቢሉ፣ ገንዘቡን ከባል እጅ ለማሸሽ ነው። አየሽ እንዳልልዎት ነው እንጂ፣ ትብብሩም ውስጥ ያለው ጥንቃቄ ነው። ቤት ውስጥ ያልተገኘ መተማመን ውጭ ተገዛ።

ዳኛዋ፦ ኧረ በለኝ፣ እኔም ሴት ነኝ። ግን ሂሳብ ብቻ ከሆነ ስልኳ ላይ ታስቀምጠው ነበር። ስልክ ላይ ያለ ብር ባል ሲጠይቅ ይወጣል፣ ወንድም ሲደውል ይወጣል፣ ራሷም ያማራትን ትገዛበታለች። "የዕቁብ ነው" ስትል ግን ሁሉም ዝም ይላል። ዕቁብ ውስጥ ያለው ትልቁ ነገር ብሩ አይመስለኝም። እምቢ ማለት ለማይችል ሰው ሌሎቹ 19 ሰዎች እምቢ ይሉለታል።

ተማሪው፦ ይሄን አላሰብኩትም። ግን አሁንም ከሂሳብ አልወጣንም፤ በደንብ የተሠራ ሂሳብ ነው።

ዳኛዋ፦ እንግዲያ የሂሳብህን ጉድለት ልንገርህ። እንደ ሁለተኛው ሕግህ ከሆነ፣ "ያደረገብህን አድርግበት" ነው። ኔትወርክ ተቋርጦ አንድ ሰው ቢዘገይብኝስ? እኔ እቀጣዋለሁ፣ እሱ ይቀየመኛል፣ እኔ ደግሞ እመልስለታለሁ። ይሄ ደም መመላለስ ነው። የሁለት ቤተሰብ ወንድ ልጅ ሲያልቅ ያየ ሰው እንዲህ ያለ ሕግ አሸነፈ ቢሉት ይስቃል።

ተማሪው፦ ልክ ነዎት፤ ሊቃውንቱም ደርሰውበታል። ማርቲን ኖዋክና ካርል ሲግመንድ በ1992 ስሕተት የሚፈጠርበትን ዓለም አስልተው፣ አንዳንዴ ይቅር የሚለው ስልት የበለጠ እንደሚበጅ አሳዩ። በአክስልሮድ ውድድር አቆጣጠር ከሄድን ከሦስት በደል አንዱን መተው ነው።

ዳኛዋ፦ ከሦስት አንዱን? እስቲ ይቺን ደብተር ያዛት። ምን ይታይሃል?

ተማሪው፦ ስም፣ ወር፣ ምልክት። ይሄ በእርሳስ ነው፤ ይሄ በእስክሪብቶ።

ዳኛዋ፦ የመጀመሪያው መዘግየት በእርሳስ ነው የሚጻፈው። ዕቁቡ በሰላም ሲያልቅ በላጲስ አጠፋዋለሁ፤ ለማንም አልናገርም። ሁለተኛው በእስክሪብቶ ነው፤ ከነቅጣቱ። ሦስተኛው ዋስ ነው። ይቅርታ ያለ ደብተር ሞኝነት ነው፣ ደብተርም ያለ ላጲስ ጭካኔ ነው። ይሄን ማንም አላስተማረኝም፤ እናቴ በዱቤ ጠላ ስትሸጥ እንዲሁ ታደርግ ነበር፤ እሷ በከሰል ግድግዳ ላይ።

ተማሪው፦ ጥሩ። ግን እስካሁን የተናገሩት ሁሉ ለኔ ነው የመሰከረው። ደብተር፣ ቅጣት፣ ዋስ። ያለ ቁጥር የሚሰጥ ሰው ያሳዩኝ።

ዳኛዋ፦ የሕንፃችን ዘበኛ ማሳይ ነው። ድርቁ ከብቶቹን የፈጀበት ጊዜ አጎቱ አንድ ሰው ዘንድ ሄዶ ጊደር ጠየቀ፤ ተሰጠው። "መቼ ይመልሳል?" ብዬ ጠየቅሁት። እንደ ስድብ ቆጠረብኝ። ኦሶቱዋ ነው ያለው። በቋንቋቸው እትብት ማለት ነው አሉ።

ተማሪው፦ አዎ፣ እትብት ነው። ሊ ክሮንክ የሚባል አንትሮፖሎጂስት አጥንቶታል። ስትቸገር ብቻ ትጠይቃለህ፣ የሚያስፈልግህን ያህል ብቻ። የተጠየቀውም ራሱን የማይጥል ከሆነ ይሰጣል። ዕዳ ለሚባለው ሌላ ቃል አላቸው። ኦሶቱዋን እንደ ዕዳ መቁጠር ነውር ነው፤ ከአባት ወደ ልጅም ይተላለፋል።

ዳኛዋ፦ እና? ይሄንንም "ሂሳብ ነው" ትለኛለህ?

ተማሪው፦ የሚጎዳኝንም ልንገርዎት። ክሮንክ ማሳዮችን ገንዘብ በመላላክ ጨዋታ ፈተናቸው። ግማሾቹ እንዲያው ተጫወቱ፤ ግማሾቹ "ይሄ የኦሶቱዋ ጨዋታ ነው" ተባሉ። ኦሶቱዋ የተባሉት ያነሰ ላኩ፣ ያነሰም ይመለስልናል ብለው ጠበቁ። ቃሉ ሲጠራ ትርፍ ከጨዋታው ወጣ፤ ለተቸገረ የሚበቃውን ያህል ብቻ ሆነ።

ዳኛዋ፦ ይኸውልህ!

ተማሪው፦ ይቆዩ። በሌላ ጥናት እነክሮንክ ይህንኑ ደንብ በኮምፒውተር አስልተውት፣ እንዲህ የሚረዳዱ ሰዎች መንጋ ድርቅን ተሻግሮ ረዘም ላለ ጊዜ እንደሚቆይ አሳይተዋል። ድርቅ የማንን ደጅ ቀድሞ እንደሚመታ አይታወቅም። ዛሬ አንተን፣ ነገ እኔን። ስለዚህ ኦሶቱዋ መድን ነው፤ ሰዎቹ ባይቆጥሩም ዘመኑ ይቆጥርላቸዋል። ዕድርም እንዲሁ ነው። ወርሃዊ መዋጮውን እየከፈሉ ማንም ቶሎ እንዲደርሰው አይመኝም።

ዳኛዋ፦ ዘመኑ ይቁጠር፤ እኔ የጠየቅሁህ የሰጪውን ልብ ነው። እናት ልጇን ስታጠባ ለዘር መቀጠል መሆኑን ሊቅ ያውቃል። እሷ ግን የምታጠባው ስላለቀሰ ነው። ወንፈሉ ሲቆጠር ያምራል፤ ዕድርተኛው ለቅሶ ላይ ሲቆጥር ግን ያስጠላል። ሁለት ደብተር ነው ያለው። አንዱ ላይ ካልቆጠርክ ትከስራለህ፤ ሌላው ላይ ከቆጠርክ ሰው አይደለህም። አዋቂ ማለት ደብተሮቹን የማያደባልቅ ነው።

ተማሪው፦ ሁለተኛው ደብተር ላይስ ማን ነው የሚጽፈው? ይሉኝታ ነው! እስቲ ቃሉን ያዳምጡት፦ "ይሉኛል"። ሰው ለቅሶ የሚደርሰው ካልደረሰ ምን እንደሚሉት ስለሚያውቅ ነው። ኖዋክና ሲግመንድ በ1998 ይህንንም አሰሉት። ለአንዱ ትሰጣለህ፣ እሱ አይመልስልህም፤ ያየ ሦስተኛ ሰው ግን ደግ ነው ብሎ ይሰጥሃል። ስም ገንዘብ ነው። "ስም ከመቃብር በላይ ይውላል" የምንለው ለዚህ ነው።

ዳኛዋ፦ በ2013 ዌስትጌት የገበያ ማዕከል ሲመታ እዚሁ ነበርኩ። መስከረም 21 ቀን በፈረንጅ፣ ቅዳሜ ነበር። 67 ንጹሕ ሰው ሞተ። ሰዉ ደም ሊሰጥ ተሰልፎ ዋለ። ኪኩዩው፣ ሉዎው፣ ሕንዱ፣ ሶማሌው። የደም ከረጢት ላይ የሰጪው ስም ለተቀባዩ አይጻፍም። ማን ለማን እንደሰጠ እስከ ዛሬ አይታወቅም። ማን ይመልሳል? ማንስ "ይላል"?

ተማሪው፦ ከረጢቱ ስም የለውም፤ ሰልፉ ግን ይታያል። ጎረቤት ያያል፣ ፎቶ ይነሳል።

ዳኛዋ፦ ይታይ! የቆሰለው ሰው ደሙ ገብቶለት ነፍሱ ከተመለሰች፣ ሰጪው ፎቶ ተነስቶ እንደነበር ምን ያስጨንቀዋል? አንተ ደግነት ንጹሕ ካልሆነ ደግነት አይደለም ትላለህ። እኔ ከይሉኝታ ጋር የተቀየጠም ቢሆን እጠጣዋለሁ።

ተማሪው፦ ተቀበልኩ። የልብ ነገር ይቅር፤ ማንም አይከፍተውም። ዋናው ጥያቄዬ ሌላ ነው። ያቺው ናይሮቢ፣ ከዌስትጌት ስድስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ ከ2007ቱ ምርጫ ማግስት ምን አደረገች? ኪቤራና ማታሬ ተቃጠሉ። በመላው አገር ከ1,100 በላይ ሰው ተገደለ። ያን ጊዜ ሰው መተባበር አልረሳም፤ ይልቁንም በደንብ ተባበረ። በየሰፈሩ ተጠራርቶ፣ አዋጥቶ፣ ኬላ ተክሎ፣ ቋንቋ እየጠየቀ። የቱርካና አርብቶ አደሮችን ያጠኑት ሣራ ማቲውና ሮበርት ቦይድ ያገኙት ያንኑ ነው። ዘመድ ያልሆኑ በመቶ የሚቆጠሩ ወንዶች ነፍሳቸውን ይዘው አብረው ይዘምታሉ፤ የፈራውን እኩዮቹ ይገርፉታል፣ ያስቀጡታል። እንዲህ ያለው ትብብር ስሙ ዘረፋ ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንላለን፤ ድሩ ሲያብር ጎረቤትንም ያስራል።

ዳኛዋ፦ ...

ተማሪው፦ ሀራምቤንም ይዩት። ኬንያታ በ1963 "አብረን እንጎትት" ሲል ሰው በየመንደሩ አዋጥቶ ትምህርት ቤት ሠራ። ቆይቶ ፖለቲከኛው ቀማው። መድረክ ላይ ቆሞ የብር መዓት ይቆጥራል፤ ሰዉ ያጨበጭባል፤ ብሩ ከየት እንደመጣ አይጠየቅም፣ ዋጋው ግን ድምፅ ነው። በ2024 ወጣቱ አደባባይ ከወጣ በኋላ ፕሬዚዳንት ሩቶ ራሳቸው ባለሥልጣን ሀራምቤ ላይ እንዳይገኝ ከለከሉ። ስጦታ ሰውን የሚያስር ገመድ ነው፤ ገመዱን ባለ ጉልበት ሲይዘው ምን እንደሚሆን ይኸው።

ዳኛዋ፦ ያልከው ሁሉ እውነት ነው። 2007 እኔም ሱቄን ዘግቼ ሁለት ሳምንት ከአንዲት ሉዎ ቤት ተቀምጫለሁ። ለምን አስጠጋችኝ? የሷ ቻማ ውስጥ ነበርኩ። ሰፈሩ የተቃጠለው በዘር በተሰበሰበው ትብብር ነው፤ እኔን ያተረፈኝ በዘር ያልተሰበሰበው ነው። ስለዚህ ጥያቄው ሰው ይተባበራል ወይ ሳይሆን ማን ማንን አስገብቶ ይተባበራል ነው።

ተማሪው፦ እሱን ነው የምለው። ክቡ ጠባብ ነው፤ ጠባብ በመሆኑም ነው የሚሠራው።

ዳኛዋ፦ ጠባብ ነው፤ ግን ባለበት አይቆምም። አንተው ባለፈው የነገርከኝ የኦርማዎቹ ነገር ምን ነበር?

ተማሪው፦ የጣና ወንዝ ኦርማዎች? የኛን ኦሮምኛ ዘመድ የሚናገሩ አርብቶ አደሮች ናቸው። ጂን ኤንስሚንገር የምትባል ተመራማሪ ገንዘብ የማዋጣት ጨዋታ ስታቀርብላቸው፣ ገና ሕጉን እንደሰሙ "ይሄማ ሀራምቤ ነው!" አሉ፤ ለሀራምቤ እንደሚያዋጡትም አዋጡ።

ዳኛዋ፦ ከፈረንጅ የመጣ፣ ያላዩት ጨዋታ ነው። ግን በቤታቸው ያለውን ልማድ አንስተው እዚያ ላይ አዋሉት። ሰው ሲሰደድም የሚይዘው ይህንኑ ነው። ናይሮቢ እኮ በ1899 የባቡር ሠራተኛ ሰፈር ነበረች፤ ሁሉም መጤ ነው። አዲስ አበባም ዕድርን ያስፋፋው ከየገጠሩ የገባው ሰው ነው ይባላል፤ ቀባሪ ዘመድ የሌለው ሰው ቀባሪ አዋጥቶ ገዛ። ዘመድ ያልሆነን ሰው ዘመድ የምናደርግበትን ዘዴ የፈጠርነው ዘመድ ስናጣ ነው።

ተማሪው፦ የስልኩም ነገር ወደዚያው ይወስዳል፤ ለእርስዎ ልመስክር። ኤምፔሳ ከ2007 ወዲህ ምን እንደለወጠ ዊልያም ጃክና ታቭኒት ሱሪ አጥንተው ነበር። በሽታ ወይም ሥራ ማጣት ሲደርስ የማይጠቀመው ቤተሰብ የፍጆታ ወጪው በ7 በመቶ ይቀንሳል፤ የሚጠቀመው ምንም አልቀነሰበትም። ርዳታው ከብዙ ሰውና ከሩቅ ስለሚመጣለት ነው። በ2024ቱ የወጣቶች ሰልፍም ለቆሰሉትና ለሞቱት ሕክምናና ቀብር የማይተዋወቁ ሰዎች በስልክ አዋጥተዋል። መስጠት ሲቀል ክቡ ሰፋ።

ዳኛዋ፦ ታዲያ ምን ቀረህ?

ተማሪው፦ ያቺ ልጅ ቀረችኛ። ስልክ አላት፣ ሥራ አላት፣ ክብ ግን የላትም። ከሁሉ የበለጠ ዕቁብ የሚያስፈልጋት እሷ ናት፤ የተመለሰችውም እሷ ናት። ዋስ የሚያገኘው አስቀድሞ ሰው ያለው ነው። ላለው ይጨመርለታል ማለት ነው። 17 ዓመት ያልፈረሰ ዕቁብ የሚኮራበት ደንብ፣ ለሷ አጥር ነው።

ዳኛዋ፦ አጥር ባይኖረው በሁለተኛው ወር ይፈርስና ለማንም የማይሆን ሜዳ ይሆናል። ዋስ ደግሞ የአጥሩ በር ነው። እኔ ሳላውቃት፣ የማውቀው ሰው አውቃታለሁ ካለ ትገባለች።

ተማሪው፦ በር ነው፤ እጀታው ግን በውስጥ በኩል ብቻ ነው።

ዳኛዋ፦ አንተ የት ነህ?

ተማሪው፦ እንዴት የት ነህ?

ዳኛዋ፦ ሦስት ዓመት ጥለሃል። አንድ ጊዜ ብቻ ዘግይተሃል፤ ይኸው በእርሳስ። ውስጥ ነህ። እጀታው ባንተ በኩል ነው። ክፈትላት።

ተማሪው፦ እኔ? አላውቃትም እኮ። ጸጉር ቤቱ በር ላይ ሰላምታ ነው ያለን።

ዳኛዋ፦ ስለሷ አንድ ሰዓት ሙሉ ስትሟገት ነበር።

ተማሪው፦ ስለ ፍትሕ ነው የተሟገትኩት። ተማሪ ነኝ፤ ብትጠፋ ከየት አመጣለሁ?

ዳኛዋ፦ ሰውነቷስ?

ተማሪው፦ ያዙኝ።

ዳኛዋ፦ አልያዝኩህም፤ አንተም እንደኔ ፈራህ። የሚፈራ ሰው ነው ደንብ የሚያወጣው። አሁን ቁጭ ብለን እንነጋገር። እንደ ደንቡ አዲስ ሰው መጨረሻ ነው የሚወስደው፤ 20ኛ ላይ ትሆናለች።

ተማሪው፦ ይቆዩ እንጂ! መጨረሻ ከሆነች የናንተን ብር መቼ ትይዛለች? 19 ወር ለእናንተ የምታበድረው እሷ ናት። ያላመናችኋት ሰው ሁላችሁንም ታምናለች፤ ዋስ መጥራት ያለባችሁ እናንተ ናችሁ።

ዳኛዋ፦ በመሀል ብታቆም የዚያ ወር ባለ ዕጣ 95,000 ነው የሚደርሰው። 100,000 የቤት ኪራይ ለተነጋገረ ሰው 5,000 ትንሽ አይደለችም። ዋሱ ለዚያች 5,000 ነው።

ተማሪው፦ ለእናንተ ጉድለት ዋስ አለ። ለሷስ? በ20ኛው ወር ሰዉ ተበትኖ ባዶ እጇን ብትቀርስ?

ዳኛዋ፦ ...ለሷ ዋስ የለም። ልክ ነህ። ለመጨረሻው ሰው ዋስ የሚሆን አንቀጽ የለንም። እስካሁን ማንም ስላልተጎዳ አልጻፍነውም።

ተማሪው፦ አንድ ሰው እስኪጎዳ ነው የምትጠብቁት?

ዳኛዋ፦ እንደዚያ ነበር የምንሠራው፤ ነገርኩህ እኮ፣ እያንዳንዱ አንቀጽ አንድ ሰው ነው። ይቺን ግን ሳይሰበር ብንጠግናት ምን ይለናል? እሑድ ሰዉ ሲሰበሰብ 12ኛ አንቀጽ ብለህ አንሳው። እኔ እደግፍሃለሁ፤ የቀሩት ምን እንደሚሉ አላውቅም። ያቺንም ልጅ ይዘሃት ና።

ተማሪው፦ ዋስነቱንስ? አንቀጹ ካለፈ በኋላ ልፈርም?

ዳኛዋ፦ የሌሊት ወፏ መጀመሪያ ማን ያጉርሰኝ ብላ ብትጠብቅ ኖሮ ዛሬ ስለሷ አናወራም ነበር።

ተማሪው፦ ...ደብተሩን ይስጡኝ። 20ኛው ረድፍ ይሄ ነው? በእርሳስ ነው በእስክሪብቶ?

ዳኛዋ፦ እሷን በእርሳስ። ዋሷን በእስክሪብቶ።